ጋጋኖዋና ባለከረጢቱ ነብር

በኮልፌ ቀራንዮ ከእኔ የተሻለ ስልቻ የሰፋ ሰው አልነበረም። ይህን የምለው አርጅቼ፣ የሚያስተባብለኝ ሰው አልቆ አይደለም። ያኔም፣ ጃንሆይ በዙፋናቸው ላይ ሳሉ፣ ዛሬ 18 ማዞሪያ ከሚባለው ሰፈር እስከ ቀራንዮ መድኃኔዓለም ድረስ በአደባባይ ስናገረው «ዋሽተሃል» ያለኝ የለም። ከአስኮ በላይ ያሉ ገበሬዎች ኮርቻቸው ሲላላ እስከ መርካቶ አይወርዱም፤ የሚመጡት ወደ እኔ ነው። የማር ነጋዴዎች ሌላ ሰው በሰፋው ስልቻ ማር አይጭኑም ነበር። የእኔን ስልቻ ውሃ ሞልተው ሌሊቱን ሰቅለውት ቢያድሩ፣ ጠዋት ሥሩ ያለው መሬት ደረቅ ነው።

ቆዳ የሚነካ ሰው በዚያ ዘመን እንዴት እንደሚታይ የኖረበት ያውቀዋል። ስልቻውን ይፈልጉታል፣ ሰፊውን ግን ከማዕድ ራቅ አድርገው ያስቀምጡታል። እኔ ለዚህ ነገር አንገቴን ደፍቼ አላውቅም። ትምህርት ቤት አልገባሁም፤ ፊደል የለየሁት ጫማ ሊያስጠግኑ ከሚመጡ ተማሪዎች ነው። አንድ ሶል ስለጥፍ ዋጋው ከሀ እስከ ሆ ነበር። ሌላ ሶል፣ ከለ እስከ ሎ። ፊደሉን ጨርሼ ወደ ንባብ ስሻገር ተማሪዎቹ «አሁንስ ገንዘብ ይሻለናል» እያሉ ያማርሩ ጀመር።

እንግሊዝኛውን የተማርኩት ከሱቅ ነው። በዚያን ጊዜ ባለሱቆች የፈረንጅ መጽሔት በኪሎ ገዝተው ስኳሩንም ጨውንም ይጠቀልሉበት ነበር። ደንበኛ ሁሉ ሥዕል ያለበትን ይመርጣል። እኔ ግን «ጽሑፍ የበዛበትን ለእኔ አቆይ» ብዬ ባለሱቁን አስለምጄው ነበር። ቤት ስደርስ ወረቀቱን አራግፌ፣ ልባስ ከሌለው መዝገበ ቃላቴ ጋር አፋጥጬ፣ ቃል በቃል አነበው ነበር። ስኳር በጠጣሁ ቁጥር እውቀት ጠጣሁ ብል ማጋነን አይሆንብኝም።

አንድ ቀን የጫማ ሚስማር የተጠቀለለበት ገጽ እጄ ገባ። ሚስማሩ እዚህም እዚያም በስቶታል፤ የታችኛው ጫፉም ተቀዷል። መሐሉ ላይ ግን አይቼው የማላውቀው አውሬ ቆሟል። ፊቱ ውሻ ነው፣ ጅራቱ እንደ ዱላ ቀጥ ያለ ነው፣ ከወገቡ ጀምሮ ጀርባውን የሚያቋርጥ ጥቁር ሸንተረር አለው። ከአውስትራሊያ በታች ባለች ደሴት የሚኖር፣ የታዝማኒያ ነብር የሚሉት እንስሳ ነው። ጽሑፉን ብዙ ምሽት ታግዬ ፈታሁት። አውሬው ሆዱ ላይ ከረጢት አለው፤ ግልገሎቹን እዚያ ውስጥ ያሳድጋል። ሴቷ ብቻ አይደለችም፣ ወንዱም ከረጢት አለው። ድምፁ እምብዛም አይሰማም፤ ሲመሽ ነው የሚወጣው። በግ አርቢዎች «በጋችንን ጨረሰ» ብለው ከሰሱት፤ መንግሥትም ለገደለው ሰው ሽልማት ይከፍል ጀመር። እንዲህ እየተመናመነ ሄዶ የመጨረሻው በአውሬ ማሳያ ግቢ፣ በአጥር ውስጥ ሞተ። የፈረንጁን ዓመት ወደ እኛው መልሼ ስቆጥረው ጣሊያን አዲስ አበባ የገባበት ዓመት ሆኖ አገኘሁት። እኛ በዚያ ዓመት ተወረርን፤ እሱ ከነዘሩ አለቀ። ታዲያ በጉን እውነት በልቶ ነበር ወይስ አልበላም? ወረቀቱ የተቀደደው እዚያው ላይ ነው።

ይህንን ታሪክ ለመጣ ደንበኛ ሁሉ ነገርኩ። አንዳንዱ «ነብር ዥንጉርጉር ነው እንጂ ሸንተረር የት አለው?» ይለኛል። አንዳንዱ ጫማውን ቶሎ እንድጨርስለት ብቻ ራሱን ይነቀንቃል። ባለቤቴ ደግሞ «ለሞተ አውሬ ይህን ያህል ካዘንክ፣ ደህና ያለችውን ሚስትህን አንድ ቀን ገበያ ውሰዳት» ትለኝ ነበር።

አሁን ወደ ዝግባው ልምጣ። ከቤቴ ጀርባ፣ ቁልቁል ወደ ወንዙ በሚወስደው ጠርዝ ላይ፣ አባቴ የተከሉት ዝግባ ነበር። አባቴ ሲሞቱ ለእኔ የቀረኝ ወስፌያቸውና ይህ ዛፍ ነው። ዛፉ ላይ ጋጋኖዎች ያድራሉ። ጋጋኖን የማያውቅ አዲስ አበቤ ድምፅዋን ሳያውቅ አይቀርም፤ ጎህ ሲቀድ ከሰው ጣሪያ በላይ እየሳቁ የሚያልፉት ጠይም ወፎች ናቸው። ክንፏ ላይ ነጭ አለባት፣ ፀሐይ ሲያገኛት ጀርባዋ አረንጓዴ ያብለጨልጫል፣ ምንቃሯ ረጅምና እንደ ማጭድ የጎበጠ ነው። ረግረግና ግጦሽ ላይ እየተራመደች፣ ያንን ምንቃር መሬት ውስጥ እየሰካች ነው የምትውለው። ከጉሮሮዋ ሥር አንዲት ቀጭን ቆዳ ትንጠለጠላለች። የነገሩ ሁሉ መነሻ ይህቺ ቆዳ ናት።

በሰፈራችን ያቺን ቆዳ «የጋጋኖ ስልቻ» ነበር የሚሏት። ማንኪያ ከጠፋ «ጋጋኖ በስልቻዋ ከታው ይሆናል» ይባላል። የተበደረውን የማይመልስ ሰው «የጋጋኖ ስልቻ» ይባላል። ሁላችንም ከልጅነታችን ጀምሮ ስንለው ስለኖርን፣ ስልቻ ነው ወይ ብሎ የጠየቀ ሰው አልነበረም። እኔም፣ ስልቻ ሰፊው ራሴ፣ ጠይቄ አላውቅም።

ከዝግባው በታች፣ ወንዙ ዳር ያለው ማሳ የሐጂ ነበር። ሐጂ ከጉራጌ አገር በልጅነታቸው መጥተው፣ ጨው በመቸርቸር ተነሥተው ትልቅ ሱቅ የከፈቱ፣ አንደበታቸው ከመላጫ የሰላ ሰው ናቸው። በዚያ ዓመት ማሳውን ጥቅል ጎመን ተከሉበት። ችግኙ በያዘ ሰሞን ታዲያ በየጠዋቱ ወድቆ ይገኝ ጀመር። መስመር ሙሉ ተነቅሎ፣ ተጋድሞ፣ ጠውልጎ። ከመሐሉም ጋጋኖዎቹ እየተራመዱ።

አንድ ጠዋት ሐጂ ሱቄ በር ላይ ቆሙ። የበቅሏቸው ኮርቻ ተፈትቶ ከፊቴ ተዘርግቷል።

«እንዴት አደርክ፣ የወፍ ጌታ?»

«ደህና አደሩ ሐጂ። የምን ወፍ?»

«የቀን ሠራተኞችህ ናቸዋ። ሌሊት አንተ ቤት ያድራሉ፣ ሲነጋ እኔ ማሳ ቁርስ ይበላሉ። ለመሆኑ የቤት ኪራይ ትቀበላቸዋለህ?»

«ሐጂ፣ ወፍ የእግዜር ነው።»

«በሬም የእግዜር ነው። በሬህ ማሳዬ ቢገባ ግን የምከሰው አንተን ነው። ያሳደረ ባለቤት ነው።»

«በሬ ታስሮ ያድራል። ጋጋኖን በምን ጠፍር ልሰራት?»

«ማሰር ካቃተህ ማደሪያዋን ቁረጠው» አሉኝ፤ ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው «ኮርቻውን ግን አትቸኩልበት፣ ደህና አድርገህ ስፋው» ብለው ሄዱ።

የቀለዱ መስሎኝ ነበር። በሳምንቱ መጨረሻ ግን የአጥቢያ ዳኛው መልእክተኛ መጣ። ዝግባው ተከሷል። ለባለቤቴ ስነግራት የታጠበ ልብስ ይዛ ነበር፤ ወፎቹ የጣሉበትን ነጭ ምልክት እያሳየችኝ «እኔን ለምስክርነት እንዳትጠራኝ፣ እውነቱን ነው የምናገረው» አለችኝ።

«ዛፉ እኮ የአባቴ ነው።»

«ዛፉንማ ማን ጠላ? እኔ የጠላሁት ጎህ ሳይቀድ የሚስቁትን ነው። አንተና እነሱ አንድ ናችሁ፤ ሳትጠየቁ ነው የምትናገሩት።»

ዳኛው ቅዳሜ ጠዋት ደጃቸው ላይ፣ ካባቸውን ደርበው፣ ጭራቸውን እያወዛወዙ የሚያስችሉ ሽማግሌ ነበሩ። የመንደር ሰው ሙግት መስማት እንደ ጨዋታ ስለሚወድ አጥሩ ሥር ሞልቶ ነበር። በድሮው ወግ ተሟጋች ነጠላውን አደግድጎ፣ ቆሞ፣ ዱላውን እየሰነዘረ ነው የሚናገረው። ሐጂ ግን ዱላ አልፈለጉም። «ወፎቹ እሱ ዛፍ ላይ ያድራሉ። ችግኜን ይነቅላሉ። ዛፉ ይቆረጥልኝ» አሉና ተቀመጡ።

ተራው የእኔ ሆነ። እንደዚያ ቀን ተናግሬ አላውቅም። ነጠላዬን አደገደግኩ፣ ጉሮሮዬን ጠረግኩ፣ ከደሴቲቱ ጀመርኩ። ስለ አውሬው ሸንተረር ተናገርኩ፣ ስለ ጅራቱ ተናገርኩ፣ ስለ ከረጢቱ ተናገርኩ። ሰዎቹ ሳይመረምሩ ፈርደውበት እንዴት ከምድር እንደጠፋ ተናገርኩ። «ዳኛዬ፣ እዚያ በግ ጠፋ ተባለ፤ እዚህ ችግኝ ጠፋ ተባለ። እዚያ የታየው አውሬ ተያዘ፤ እዚህ የታየችው ወፍ ተያዘች» አልኩ።

ሐጂ ከተቀመጡበት ሳይነሡ «ዳኛው ይፍቀዱልኝ፣ ተከሳሹን አንድ ነገር ልጠይቅ። ነብሩ ከረጢት ይዞ ወዴት ነው የሚሄደው? ገበያ?» አሉ።

አጥሩ ሥር ያለው ሰው ሳቀ።

«ልጁን ነው የሚይዝበት፣ ሐጂ።»

«ወንዱም?»

«ወንዱም አለው።»

«የዚያ አገር ወንዶች ከእኛ ይሻላሉ» አሉ ከአጥሩ ሥር አንዲት ሴትዮ። ማን እንደሆኑ አላየሁም፤ ባለቤቴ ግን አብራቸው ስትስቅ ሰማኋት።

«እሺ፣ ምስክርህ የት አለ?» አሉ ሐጂ።

«ሞቷል።»

«ዘመድስ?»

«ዘሩ በሙሉ አልቋል።»

«እንግዲያ የሚምልለት እንኳ የለውም ማለት ነው።»

እኔ ግን ያን ጊዜም አልተረታሁም። ሁለቱን ጎን ለጎን አቆምኳቸው። «ዳኛዬ፣ ያ አውሬ ሲመሽ ይወጣል፣ ድምፁ አይሰማም፤ ጠረጠሩት፣ ይሁን። ጋጋኖ ግን በቀን ብርሃን፣ መንደሩን ሁሉ ቀስቅሳ ነው ወደ ማሳ የምትወርደው። ለመሆኑ እየጮኸ የሚሄድ ሌባ አይተው ያውቃሉ?» አልኩ። ዳኛው ጭራቸውን ማወዛወዝ አቆሙ። ሰዉም «እውነት ነው» ማለት ጀመረ። ያሸነፍኩ መሰለኝ።

ሐጂ ተነሡ። «አውሬው በጉን በልቷል ወይስ አልበላም?»

«ወረቀቱ እዚያ ላይ ተቀዷል» አልኩ። ምን ልበል? እውነቱ ያ ነው።

«ይሁን። ከረጢት አለው ብለሃል?»

«ብያለሁ።»

«ከረጢት ያለው እንስሳ የሚይዝበት ነገር አለው ማለት ነው?»

«ያለ ነገር ከረጢት አይሰጠውም።»

«ጥሩ። ከጋጋኖ ጉሮሮ ሥር የምትንጠለጠለውን ምንድን ነው የምትሏት?»

ያ ሁሉ ሰው በአንድ አፍ «ስልቻ!» አለ። ሐጂ ወደ ዳኛው ዞሩ። «ጌታዬ፣ እኔ ሌላ ምስክር አልቆጥርም። ባለስልቻ መሆኗን አገር ያውቃል። ስልቻ ያለ ነገር እንደማይሰጥ ደግሞ የአገሩ አንደኛ ስልቻ ሰፊ መሰከረ» ብለው ተቀመጡ።

 ሰው በገዛ ሙያው ሲጠለፍ እንዴት እንደሚያም የተጠለፈ ያውቀዋል። ዳኛው ጥቂት አስበው እንዲህ በየኑ። «እስከሚመጣው ቅዳሜ ስልቻዋ ስልቻ አለመሆኑን፣ ወፏም ችግኝ አጥፊ አለመሆኗን አሳይ። ካላሳየህ ዝግባው ይቆረጣል፤ ግንዱም ለሐጂ ካሳ ይሆናል። ዋስ ጥራ።»

ወደ ሰዉ ዞርኩ። ኮርቻ የሰፋሁላቸው፣ ጫማ ያደስኩላቸው ሁሉ ነበሩ። መሬት መሬቱን አዩ። ለቆዳ ሰፊ፣ ያውም ለወፍ ጠበቃ፣ ማን ዋስ ይሆናል? በመጨረሻ ሐጂ ተነሡና «ዋሱ እኔ ነኝ» አሉ።

ዳኛው «ከሳሹ?» አሉ።

«የበቅሎዬ ኮርቻ እሱ ዘንድ ተፈትቶ ነው ያለው። ሳይጨርሰው የት ይሄዳል?»

እንዲህ ያሉ ሰው ነበሩ። ዛፌን ሊያስቆርጡ መጥተው ዋሴ ሆነው ሄዱ።

በማግሥቱ ጎህ ሳይቀድ ተነሥቼ፣ ጆንያ ለብሼ፣ ማሳው ዳር ተኛሁ። ወፎቹ ከዝግባው እየሳቁ ወረዱ። አንዷ ከፊቴ ቀረበች። እየተራመደች፣ አንገቷን ዘንበል እያደረገች፣ ለምለሙን ችግኝ አለፈችው። የሚቀጥለውንም አለፈችው። ቅጠሉ ጠውልጎ የተንጠለጠለ ችግኝ ስታገኝ ቆመች። ምንቃሯን ከሥሩ ሰካች፣ ወዘወዘች፣ ስታወጣው ጫፉ ላይ ወፍራም ትል ይዛለች። ችግኙ ተጋደመ። ከሩቅ ለሚያይ ሰው የነቀለችው እሷ ናት።

ወፎቹ ወዳልደረሱበት ጥግ በሆዴ ተሳብኩና የጠወለገ ችግኝ ፈልጌ ሥሩን በወስፌ ጫርኩት። ግንዱ አፈር ውስጥ ሳለ ተቆርጧል። አጠገቡ ያው ትል እንደ ቀለበት ተጠቅልሎ ተኝቷል። ሌሊት ይቆርጣል፣ ቀን ይተኛል፤ ሌባው እሱ ነው። ድምፅ የሌለው፣ በጨለማ የሚሠራ። እኔ ይህንን ሳይ ብቻዬን ሳቅኩ፤ ጋጋኖዎቹም ደንግጠው ተነሡና እነሱም ሳቁ።

ግን ተከሳሽ ለራሱ ቢመሰክር ማን ይሰማዋል? ያን ሳምንት ማን ይዤ ልሂድ እያልኩ ሳሰላስል ከረምኩ። መልሱን ያመጡት ሐጂ ናቸው።

ቅዳሜ ጠዋት ዳኛው ዘንድ ስደርስ ሐጂ ቀድመውኝ ቆመዋል። በእጃቸው አንዲት ጋጋኖ በእግሯ ተንጠልጥላለች። ዘበኛቸው በወንጭፍ የጣላት ገና አሁን፣ ከማሳው መሐል ነው። ክንፏ ተዘርግቶ ነጩ ይታያል። ማታ ዛፌ ላይ ያደረች ወፍ ናት። ሐጂ ግን ድል ይዘዋል።

«ሌባዋን ከነስልቻዋ አምጥቼልሃለሁ። ዳኛው ባሉበት ይፈተሽ። ችግኜ ከተገኘ ነገሩ አለቀ።»

«ይፈተሽ» አሉ ዳኛው።

ማንም አልተነቃነቀም። ጋጋኖ በኦሪት ከማይበሉት ወፎች ጋር የተቆጠረች ናት፤ በዚያ ላይ ሳትታረድ የሞተች ናት። ክርስቲያኑም ሙስሊሙም እጁን ወደ ኋላ አደረገ። ሐጂ ራሳቸው በጨርቅ ነበር የያዟት። እኔ ደግሞ ዕድሜዬን በሙሉ «ቆዳ የነካ» ስባል ኖሬአለሁ። የነካሁበት እጅ የሚያስፈልግበት ቀን ይኸው መጣ። ሽርጤን መሬት ላይ ዘረጋሁ፣ ቢላዬን አወጣሁ፣ ወፏን ተቀበልኳቸው።

«መጀመሪያ ስልቻዋ» አልኩ። «ዳኛዬ፣ ስልቻ እንዴት እንደሚፈተን ሰፈሩ ሁሉ ሱቄ መጥቶ አይቷል። አፉን ፈልገህ ትነፋዋለህ። ከተነፋ ስልቻ ነው፤ ካልተነፋ ቆዳ ነው። አፍ የሌለው ስልቻ እስከ ዛሬ አልሰፋሁም፤ እግዜርም የሚሰፋ አይመስለኝም።»

ምንቃሯን ከፈትኩ። የስንዴ አገዳ ወስጄ ከአፏ ወደ ጉሮሮዋ አሳለፍኩት። በግራ ሞከርኩ፣ በቀኝ ሞከርኩ፤ ወደተንጠለጠለችው ቆዳ የሚያስገባ ቀዳዳ የለም። አገዳውን ነፋሁት። ሰው ሁሉ አንገቱን አሰገገ። ሆዷ ትንሽ ተነሣ፤ ቆዳዋ ግን እንደተንጠለጠለች ቀረች። ከዚያ ቆዳዋን በቢላዬ ለሁለት ሰነጠቅኳትና በጣቶቼ ዘርግቼ ለዳኛው አሳየኋቸው። ከላይ ቆዳ፣ ከታች ቆዳ፣ መሐሏ ምንም።

«ሐጂ፣ ማንኪያዎ የለም» አልኩ።

ዳኛው ሳቃቸውን በጭራቸው ሸፈኑ። ሐጂ አልሳቁም። «ሆዷ ይታይ» አሉ።

ሆዷን ከፈትኩት። ቅጠል የለም። ሥር የለም። ወፍራም ትል፣ ትል በትል ላይ፣ ገና ቅርጹ ያልጠፋ። ሐጂ መነጽራቸውን አድርገው ጎንበስ አሉ።

«ይኼ ከየት መጣ?»

«ከማሳዎ ነዋ። አሁን አብረን ብንወርድ ወፍ ያልነካው ችግኝ ሥር ወንድሞቹን አሳይዎታለሁ። ሌሊት ሲቆርጡ ያድራሉ። እሷ ጠዋት መጥታ ትለቅማቸዋለች። አዝመራዎን የምትጠብቅልዎን ነው የከሰሷት።»

ዳኛው በቅሏቸው ላይ ወጡ፤ እኛም ሕዝቡም ተከትለን ቁልቁል ወረድን። ማሳው ጥግ ላይ የጠወለገ ችግኝ አሳየኋቸው። ወስፌዬን ላቀብላቸው ስል ሐጂ እምቢ አሉ፤ እኔ ደብቄ ያስቀመጥኩት እንዳይሆን ብለው ሌላ ችግኝ ራሳቸው መረጡ፣ ቀሚሳቸውን ሰብስበው ተንበረከኩ፣ በጣታቸው ጫሩ። ትሉ ወጣ። ሌላ ጫሩ። ወጣ። ሦስተኛው ላይ ሲደርሱ ተቀመጡና አፈሩን ከጣታቸው እያራገፉ ወደ ዝግባው ቀና ብለው አዩ።

«ለካ የከሰስኩት የቀን ሠራተኞቼን ነው» አሉ። «ያውም ደመወዝ የማይጠይቁትን።»

ያን ጊዜ የተሰማኝን ደስታ በቃል ልገልጸው አልችልም፤ ቃል አጥሮኝ ሳይሆን ቢጻፍ ወረቀት ስለማይበቃው ነው። ዳኛው እዚያው በበቅሎ ላይ እንዳሉ በየኑ። ዝግባው አይነካም። ዘበኛው ወንጭፉን ይሰቅላል። «አንተስ፣ በከንቱ ተከሰስክ፤ ካሳ ምን ትሻለህ?» አሉኝ።

ሰው ሁሉ ገንዘብ የምጠይቅ መስሎት ነበር። እኔ ግን «ከዛሬ ጀምሮ ያቺን ቆዳ ስልቻ የሚላት ሰው እንዳይኖር ይፈረድልኝ። የሙያዬን ስም ያጠፋል» አልኩ።

«ታዲያ ምን ትባል?»

ከሰዉ መሐል አንዱ «አንገቷ ላይ ስለሆነች ማተብ ትባል» አለ።

«እንዴ!» አሉ ሐጂ ገና አፈሩ ላይ ከተቀመጡበት ሳይነሡ። «ማሳው የእኔ፣ ትሉ የእኔ፣ ወፏን ክርስቲያን ልታደርጓት ነው? እንዲያ ከሆነ ሙስበሃ በሏት።»

ክርክሩ ከመጀመሪያው ሊብስ ሲል ዳኛው ወደ እኔ አዩ። «አንተ የቆዳ ሰው ነህ። ወርዱ የጠበበ፣ አፍ የሌለው፣ የሚንጠለጠል ቆዳ ምን ይባላል?»

«ጠፍር ይባላል፣ ጌታዬ።»

«ጠፍር ትባል» አሉና በቅሏቸውን መለሱ። በሰፈራችን የቆዩ ሰዎች ዛሬም «የጋጋኖ ጠፍር» ነው የሚሉት። ከየት እንደመጣ የሚያውቁት ጥቂት ናቸው፤ ለዚህ ነው የምጽፈው።

የሞተችውን ወፍ ዝግባው ሥር ቀበርኳት። ሐጂ በዚያ ዓመት ጥቅል ጎመናቸውን በጋሪ አወጡ። አንዱን፣ ከሁሉ ትልቁን፣ ተሸክመው ሱቄ በር ላይ አስቀመጡና «ለሠራተኞቹ አከራይ» ብለውኝ ሄዱ። በሚቀጥለው ዓመት ዘበኛቸውን ያሰማሩት፣ ልጆች ጋጋኖዎቹን በድንጋይ እንዳያባርሩባቸው ነበር።

የተቀደደውን ወረቀት መጨረሻ ከብዙ ዓመት በኋላ፣ ዙፋኑም ሌላውም አልፎ፣ አንድ ቤተ መጻሕፍት ውስጥ አገኘሁት። በጉን የፈጁት በአብዛኛው ውሾችና የአያያዝ ጉድለት እንደነበሩ፣ ያ አውሬ ግን ከሠራው በላይ እንደተከሰሰ ይናገራል። መጽሐፉን ከድኜ በልቤ ሁለቱን እንደገና ጎን ለጎን አቆምኳቸው። እሱ እውነተኛ ከረጢት ነበረው፤ የሚናገርለት ግን አልነበረም። እሷ ከረጢት የላትም፤ እኔ ግን ነበርኳት። እሱ ዝም ብሎ አለቀ። እሷ ዛሬም ጎህ ሲቀድ ኮልፌን እየሳቀች ትሻገራለች። ይህንን ለባለቤቴ ስነግራት «ጩኸት እንደሚያዋጣ ካንተ በላይ ማን ያውቃል?» አለችኝ፤ ለእኔ ይህ ምስጋና ነው።

እንግዲህ በዚህ ነገር ያደረግኩት ይኸው ነው፦

ትምህርት ቤት ሳልገባ የሩቅ ደሴት አውሬ ታሪክ ከሚስማር መጠቅለያ ላይ አንብቤ ኮልፌ አደባባይ ላይ አቆምኩት።

የአባቴን ዝግባ ከመጥረቢያ አዳንኩ። ዛሬ ሁለት ሰው እጅ ለእጅ ተያይዞ አያቅፈውም።

ከአንዷ በቀር ጋጋኖዎቹን በሙሉ አተረፍኩ።

ማንም ሊነካው ያልፈለገውን በእጄ ነካሁ፤ ከዚያ ቀን በኋላ ዳኛው ግብር ሲያበሉ ከሰው እኩል፣ ከሐጂ ትይዩ ተቀመጥኩ።

ለአንድ ነገር ስሙን አወጣሁለት። ይህንን የተማሩት እንኳ ሁሉም አላደረጉትም።

ከሳሼ ዋስ የሆነኝ ሰው እኔ ብቻ ነኝ፤ ሌላ ካለ ይምጣ።

የሐጂን ኮርቻ ጨረስኩ። በቅሎዋ ሞታ ኮርቻው ቀረ፤ ልጃቸው አሁንም አለው።

የልብስ ማስጫውን ገመድ ደግሞ ከዝግባው ሥር ፈትቼ በቤቱ ፊት ለፊት ዘረጋሁት። ባለቤቴ ከዚህ ሁሉ ትልቁ ይህ ነው ትላለች።